ሕፃን ይዘው የተጓዙ ወላጆችን በአንድ ቡና ላይ ማሰባሰብ፦ መመሪያ ከባሕር ዳር

«ያንን የወላጆች ቡና እንዴት ጀመራችሁት?» የሚለው ጥያቄ አያልቅም። ክትባት ወረፋ ላይ ይጠይቁኛል፣ ባጃጅ ውስጥ ይጠይቁኛል፣ ደውለውም ይጠይቁኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃቸውን የታቀፉ ናቸው። ዘመድ ሩቅ ነው፣ ጓደኞቻቸው ገና አልወለዱም፣ ቀኑ ከልጅ ጋር ቤት ውስጥ ያልቃል። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከማስረዳ ይኸው ጻፍኩት።

ነገሩ ቀላል ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ጥቂት ወላጆች ቡና ላይ ይቀመጣሉ። ወሬው አንድ ነው፦ ሕፃን ይዘን የሄድንበት መንገድ። አዲስ አበባም ይሁን፣ ጎንደርም ይሁን፣ ሁለት ሰፈር አልፋ የምትኖር አክስት ቤትም ይሁን ይቆጠራል። መንገድን የመረጥነው በምክንያት ነው። «ወላጅነት እንዴት ይዟችኋል?» ብትሉ ማንም የልቡን አይነግራችሁም። «ደጀን ላይ ምን ሆናችሁ?» ብትሉ ግን ሁሉም ያወራል፤ የልቡም አብሮ ይወጣል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ሰሌን ወይም ምንጣፍ፦ አንዱ ለትልልቆቹ፣ አንዱ ለሚድሁት
- ጀበና፣ ስኒ፣ ረከቦት፣ እና ቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና
- ዳቦ ወይም አምባሻ (ቆሎና ፈንዲሻ አይደለም፤ ምክንያቱ ደረጃ 4 ላይ አለ)
- አንድ ጀሪካን ውሃና ሳሙና
- ለቆሸሸ ዳይፐር የሚሆን ፌስታል
- ተጨማሪ ነጠላ፦ ለማጥባት መከለያ፣ ለጥላ፣ ለሁሉም ነገር
- ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና እስክሪብቶ

ደረጃ 1፦ ከአራት ቤት በላይ አትጥሩ

ሰው የሚገኘው ክትባት ላይ ነው። ልጆች በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በ9 ወርና በ15 ወር ለኩፍኝ ይመለሳሉ። በአንድ ሳምንት የወለዱ እናቶች ያው ወረፋ ላይ ደጋግመው ይገናኛሉ ማለት ነው። ሰላምታ ብቻ ተለዋውጣችሁ አትለያዩ።

ስትጋብዙ «ስለ ልጅ አስተዳደግ እንወያይ» አትበሉ። ስብሰባ ይመስላል፣ ሰው ይሸሻል። «እሁድ ቡና እንጠጣ፣ ልጅ ይዛችሁ መንገድ ስትወጡ ያጋጠማችሁን እንጫወታለን» በሉ፤ በቂ ነው። አራት ቤት ያልኩት ልጆች ስላሉ ነው። አንድ ወሬ በለቅሶና በዳይፐር እየተቋረጠ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ስምንት ቤት ከጠራችሁ ግማሹ ሳያወራ ይሄዳል፤ ያላወራ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም።

አራስ አትጥሩ። በክርስቲያን ቤት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ብዙ እናቶች ከቤት አይወጡም። ሙስሊም ቤትም 40 ቀን ይጠበቃል። እሷ ዘንድ እናንተው ሂዱ፣ አጥሚት ይዛችሁ፣ አንድ ወይም ሁለት ሆናችሁ። የራሷ የመንገድ ወሬ ገና ስለሌላት የእናንተን እየሰማች ትስቃለች።

ደረጃ 2፦ እሁድ፣ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት

ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከሰዓት በኋላ አባቶችም ይገኛሉ። በ11 ሰዓት መነሳት ግን ግዴታ ነው። ባሕር ዳር የወባ አገር ነው፤ የወባ ትንኝ የምትናከሰው በዋናነት ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከሁሉም ይብሳል። ጨዋታው ቢጣፍጥም ልጆቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገብተው አጎበር ውስጥ ይተኙ።

ደረጃ 3፦ ጥላ ይኑረው፣ ከውሃው ይራቅ

ጣና ዳር ዋርካ ሥር መቀመጥ የሚመስለው የለም። ግን ከውሃው ጠርዝ ራቅ በሉ። አንደኛ፣ መዳህ የጀመረ ልጅ ዞር ስትሉ የለም። ሁለተኛ፣ የሐይቁ ዳርቻ ውሃ ቢልሃርዚያ አለበት፤ በቆዳ በኩል ስለሚገባ «እግሩን ብቻ ነክሬው» የሚባል ነገር አይሠራም። ሦስተኛ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፣ ወደ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። ክረምት ከሆነ የአንዳችሁ በረንዳ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ቡናውን ለሕፃን በሚሆን መልኩ አፍሉ

ሰው የሚዘነጋው ይህን ደረጃ ነው። የቡና ሥርዓታችን የተሠራው ለአዋቂ ነው፤ ወለል ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሕፃን እጅ ይገባል።

ቡናውን እንግዳ ሳይመጣ ቁሉት። ጭሱ የጨቅላ ሳንባ ያስቸግራል። ዕጣኑም ይቅር፤ ካልቀረ ደጅ ይጨስ። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ የከሰል ምድጃውን በረንዳ ላይ አድርጉት። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ የሚተኛ ሕፃን ደግሞ «ራሴን አመመኝ» ብሎ አይነግራችሁም።

ቆሎና ፈንዲሻ አታቅርቡ። ይህን ስል ሁልጊዜ የሚያኮርፍ አለ፤ ቡና ያለ ፈንዲሻ ምን ቡና ነው ይላሉ። ግን ተመልከቱ። ፈንዲሻው ሲዞር ሦስት አራት ፍሬ ይወድቃል። ማንም አያየውም። የስምንት ወር ልጅ ግን ያየዋል፤ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ያነሳና ወደ አፉ ይከተዋል። ትንታ ድምፅ ላይኖረው ይችላል። ቄጠማም አትጎዝጉዙ፣ የወደቀውን ሁሉ ይደብቃል።

አንድ ሰው የጀበናው ኃላፊ ይሁን። ሥራው ጀበናው እሳት ላይ እስካለ ድረስ ከአጠገቡ አለመነሳት ነው። ትኩስ ስኒ የያዘ ሰው ልጅ አይታቀፍ፤ ልጅ የታቀፈ ሰው ስኒ አይቀበል።

ደረጃ 5፦ አቦል ላይ ወሬውን በጥያቄ ክፈቱ

ዋናው እዚህ ነው። «መንገድ እንዴት ነበር?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። መልሱ የታወቀ ነው፦ «ተመስገን፣ ደህና ነበር።» እዚያው ይዘጋል። ጨዋነት ነው፣ ሰው ፊት ችግሩን የሚዘረግፍ የለም። ስለዚህ ቦታና ሰዓት ያለው ነገር ጠይቁ። እኛ ዘንድ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፦

- ከቤት ስትወጡ ልጁን ማን ነበር የያዘው?
- መጀመሪያ ያለቀሰው የት ጋ ስትደርሱ ነው?
- ያኔ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ምን አለ?
- ከያዛችሁት ዕቃ ጭራሽ ያልነካችሁት የትኛውን ነው? ያጣችሁትስ?
- ደርሳችሁ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ምን አደረጋችሁ?

ሁለተኛውና ሦስተኛው ወርቅ ናቸው። አንዲት እናት አዲስ አበባ ደርሳ መጥታ «ምንም አልል፣ ደህና ገባን» ብላ ዝም አለች። የት ጋ እንዳለቀሰ ስትጠየቅ፣ «ደንበጫን አለፍ እንዳልን» አለች። አጠገቧ ያለው ሰውስ? «እሱማ ተኝቷል። ከኋላ ያሉት ናቸው እንጂ!» ልጁ አልቦት መስኮት ልትከፍት ስትል ከኋላ «ዝጊው እንጂ፣ ብርድ ልታስመቺው ነው?» ከፊት «ጡት ስጪው!» ገና አጥብታው ማብቃቷ ነው። ረዳቱ ዞር ብሎ «እሱስ ትኬት ቆርጧል?» አላት። ሁላችንም ሳቅን። እሷም ስቃ ስታበቃ፣ «እኔ ግን ከዚያ እስከ ደጀን ድረስ አብሬው አለቀስኩ» አለች። ጥጉ ላይ ልጇን የምታጠባ ሌላ እናት ቀና ብላ፣ «አንቺስ ደንበጫ ደርሰሻል፤ እኔ ወደ ጎንደር ስሄድ ሐሙሲት ሳልደርስ ነው የጀመርኩት» አለቻት። ሁለቱ ዛሬ ክትባት የሚሄዱት ተጠራርተው ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር «ከወለድሽ በኋላ ይከፋሻል ወይ?» ብላችሁ አታገኙትም።

አንድ ሰው ሲያወራ ሌላው የራሱን አያስገባ። ተራው ሲደርስ ያወራል። መንገድ ወጥቶ የማያውቅ ወላጅ ካለ ከሆስፒታል ቤት የገባበትን ቀን ጠይቁት። እሷም መንገድ ናት፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የምትረዝመው እሷ ናት።

ደረጃ 6፦ ምክር እስከ ቶና ይቆይ

አቦል ላይ ምክር የለም። ምክንያቱም «እንዲህ ብታደርጊ ኖሮ» የሚል ቃል ከወጣ ተናጋሪዋ ተከሳሽ ትሆናለች፤ የሚቀጥለውም ሰው የተከረከመ ወሬ ያወራል። ቶና ሲቀርብ ግን ያወራው ሰው ራሱ «ምን ማድረግ ነበረብኝ?» ብሎ ከጠየቀ በሩ ተከፈተ። ካልጠየቀ ይለፍ።

አያቶችን ብትጋብዙ ጥሩ ነው፤ ልጅ አዝለው በእግራቸው የሄዱበትን ሲያወሩ አፍ ያስከፍታሉ። ግን በአንድ ቀን አንድ እማማ ይበቃሉ። ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ ወጣቶቹ ሰሚ ይሆናሉ።

ደረጃ 7፦ ከእያንዳንዱ ወሬ አንድ ነገር ደብተር ላይ አስፍሩ

መስመሩ፣ የልጁ ዕድሜ፣ የተሄደበት ወርና ዓመት፣ የተገኘው ነገር። ስም አይጻፍም። የኛ ደብተር ይህን ይመስላል፦

«ባሕር ዳር – አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ፣ 4 ወር። ጠዋት ፀሐይ በግራ በኩል ናት፣ በቀኝ ተቀመጡ። እንጅባራ ብርድ ነው፣ ዓባይ በረሃ ይጠብሳል። አንድ ወፍራም ልብስ ሳይሆን ሦስት ስስ ደርቡለት፤ እያወለቁ መሄድ ነው።»

«ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ ጮኸ። ጆሮው ነው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጡት መስጠት፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል። አውሮፕላን ሲያርፍም ያው ነው።»

«ባሕር ዳር – ጎንደር፣ ሚኒባስ፣ 9 ወር። ጋቢና ሰፊ ነው ብለን ተቀመጥን። ትራፊክ አስቁሞ ሕፃን ከፊት አይቀመጥም አለን፤ ልክ ነው። ወረታ ላይ ወርደን ዳይፐር ቀየርን።»

ደብተሩ ሁለት ጥቅም አለው። አዲስ የሚመጣ ሰው ወሬ ሳይኖረው በፊት ያነበዋል፣ ማንም ሳይመክረው ይማራል። ያወራውም ሰው ያ የመከራ ቀን ለሌላ ሰው እንደጠቀመ ያያል። መንገድ ክፍት ይሁን ዝግ ግን ከደብተር አይፈለግም። ዋዜማውን መናኸሪያ ጠይቁ፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጉዞው ይቅር።

ደረጃ 8፦ አባቶችን በአቅጣጫ ያዙ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ይሰጣል። ስለዚህ ለብዙ አባት ልጁን ሙሉ ቀን የያዘበት የመጀመሪያው ቀን የጉዞ ቀን ነው። ወሬ አለው፤ መግቢያው ግን ሌላ ነው። «የት በኩል ሄዳችሁ? ስንት አስከፈላችሁ?» ብላችሁ ጀምሩ። ስለ አስፋልቱና ስለ ሹፌሩ ይበል። ከዚያ «ያኔ ልጁ አንተ ላይ ነበር ወይስ እሷ ላይ?» በሉት። ሚስቱ እዚያው ስላለች ውሸት የለም።

ደረጃ 9፦ በረካ ላይ አጭር ጉዞ ቅጠሩ

ሁለት ሦስት ጊዜ ከተገናኛችሁ በኋላ አብራችሁ ውጡ። ያኔ የሁላችሁም የሆነ ወሬ ይኖራችኋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤዛዊት ተራራ ይሻላል። ቅርብ ነው፣ በባጃጅ ይደረሳል፣ ዓባይ ከላይ ይታያል፣ ልጅ ከነጫነጨ በቶሎ ቤት ትገባላችሁ። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእግር መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ጋሪ አይሠራም፤ አንቀልባ ያዙ። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመኪናም ይደረሳል፤ ላይፍ ጃኬት የማይሆነው ትንሽ ልጅ ካለ በመኪና ሂዱ። በጀልባ ከሆነ ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይከተላል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴቶች ስለማይገቡ እናቶች ያሉበት ጉዞ ዘጌ ያለውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ይምረጥ።

ማስጠንቀቂያ

- ጀልባ ላይ ልጅ በጀርባ አይታዘልም፣ በአንቀልባም አይታሰርም። ውሃ ውስጥ ቢወደቅ ፈትቶ ማውጣት አይቻልም። በልኩ የሚሆን ላይፍ ጃኬት ከሌለ ልጁ ጀልባ ላይ አይወጣም።
- ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ «ሙቀት ነው» ተብሎ ውሃ አይሰጥም። ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃዋል፤ እናትየው ግን ብዙ ትጠጣ። አብሽና ቅቤም ይቅር።
- መንገድ ላይ እንዲተኛ ብሎ ሽሮፕ መስጠት የሚል ወሬ ከተነሳ እዚያው አቁሙት። የሕፃን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። «ምክር ለቶና» የሚለው ደንብ እዚህ አይሠራም።
- ከ3 ወር በታች ያለ ልጅ ካተኮሰው ቀጥታ ጤና ተቋም። ከፍ ያለውም ልጅ ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ይደረግለት።
- የታመመ ልጅ ቡናው ላይ አይመጣም። የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ያላገኙ ልጆች አሉ።
- አንዲት እናት ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እንቢ ካላት፣ ልጁን ማየት ካስጠላት፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ካመለጣት፣ ይህ የመንገድ ወሬ አይደለም። ብቻዋን አትተዋት። ያኔውኑ አብራችኋት ጤና ተቋም ሂዱ፣ ልጁን የሚይዝ ሰው መድቡ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

*ልጆችን ማወዳደር።* «የኔ በስድስት ወሩ ቁጭ ብሏል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የሌላውን ቤት ሰላም ለሳምንት ትነሳለች። ወደ መንገዱ መልሷት፦ «ታዲያ አውቶቡስ ላይ ቁጭ አለልሽ?»

*ሕፃን ግለጡት፣ እንየው ማለት።* ዓይን የሚፈራ ቤት አለ። እናቱ ሸፍና ካስቀመጠችው ተሸፍኖ ይቆይ። ካያችሁት «እደግ» በሉ፣ «ሲያምር፣ ሲወፍር» አትበሉ። ፎቶ ያለ ወላጆቹ ፈቃድ አይነሳም፣ ለማንም አይላክም።

*ድግስ ማድረግ።* የመጀመሪያዋ አስተናጋጅ ዶሮ ከሠራች ሁለተኛዋ ትጨነቃለች፣ ሦስተኛዋ ሰበብ ፈልጋ ትቀራለች። ዳቦና ቡና፣ አለቀ። ዳቦው የጾም ይሁን፤ የሚጾምም የማይጾምም ይበላዋል።

*ያረፈደን መጠበቅ።* ሕፃን ያለበት ቤት ያረፍዳል፣ የታወቀ ነው። ሁለት ቤት ከደረሰ አቦሉ ይቀዳ። የቀረውን ሰው «ለምን ቀረህ?» አትበሉት፤ «ልጁ እንዴት ዋለ?» ብላችሁ ደውሉ።

*ስኒውን ለአስተናጋጇ ትቶ መሄድ።* ከመነሳታችሁ በፊት አጥባችሁ፣ ሰሌኑን አራግፋችሁ፣ ፌስታሉን ይዛችሁ ውጡ። ቀጣዩ የማን ቤት እንደሆነም እዚያው ሳትነሱ ይነገር፤ «እንደዋወላለን» ከተባለ አትገናኙም።